ፍየሉንም አምጣው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2016፣ ማክሰኞ። አክስቴ ኤሴሪ ክያሪኩንዳ አንድ መቅዘፊያ ጠርባ ሳትጨርስ ተወችው። እኩለ ቀን ላይ "ትንሽ ጋደም ልበል" ብላ ገባች፤ አልተነሣችም። መቅዘፊያው አሁንም ቡንዮኒ ሐይቅ ዳር፣ ከቤቷ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰፊው ጫፉ ለስልሷል፤ እጀታው ገና ሻካራ ነው። ለቀብር ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ "የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ እኔ ልጨርሰው" አለኝ። አመስግኜ ተውኩት። እሷ ጀምራ ሌላ ሰው ከጨረሰው የማን መቅዘፊያ ተብሎ ይመዘገባል?

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ካባሌ፣ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ የታየውን ከተወራው መለየት ነው። ይህን የምጽፈውም በቀብሯ ላይ በተወራ ነገር ምክንያት ነው። የተናገሩት ሰባኪ፣ ቅን ሰው ናቸው፣ "እግዚአብሔር እንደ ሰው በግልጥ ያናግራት የነበረች እናት" አሏት። ሕዝቡም "አሜን" አለ። አክስቴ ብትሰማ ከሣጥኑ ውስጥ "እኔን? መቼ?" ትል ነበር። እግዚአብሔርን ዕድሜዋን ሙሉ ታምነዋለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ታዳምጠዋለች። በግልጥ ተናገረኝ ብላ ግን አንድም ቀን አላለችም። ይህን ማለት እምቢ በማለቷም አንድ ጊዜ ብዙ ነገር ሊቀርባት ነበር። እሱን ነው የምጽፈው።

ኤሴሪ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሥራዋ ሰው ማሻገር ነበር። አያቴ ሲሞቱ ከአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ትተው ሄዱ፤ አባቴ ሥራ ፍለጋ ካምፓላ ወረደ፤ እሷ ከታመመች እናቷ ጋር ቀረችና መቅዘፊያውን ያዘች። ያቺ ታንኳ አንድ ዐመል ነበራት፤ አፍንጫዋ ቀላል ነበር። ከፊት ክብደት ከሌላት ብድግ ትልና ነፋስ እንደ ጣባ ያሽከረክራታል። ስለዚህ አክስቴ ከፊት የሚቀመጥ ነገር ትወድ ነበር፤ የድንች ከረጢትም ይሁን የሙዝ ዘለላ። ከሁሉ የምትወደው ግን ፍየል ነው። ፍየል ራሱ ገብቶ ራሱ ይወጣል፤ ማንም አይሸከመው። ሰው ዳር ቆሞ "አሻግሪኝ" ሲላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "ግባ፤ ፍየሉንም አምጣው።" ፍየል የሌለውንም "ፍየልህስ?" ትለው ነበር፣ ዕዳ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ሌላው ቤቷ ኅብረቱ ነበር። በእኛ ኮረብቶች "የዳኑ" የሚባሉት አማኞች ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ይሰበሰባሉ። አንዱ ይነሣና ኃጢአቱን በስሙ ይጠራል፤ "ትናንት ጎረቤቴ ጨው ስትጠይቀኝ የለም ብዬ ዋሸሁ" ይላል። ይዘመርለታል፣ ይታቀፋል፣ ይቀመጣል። ትልቅ ጉዳይ ያለው፣ ማግባትም ሆነ መሬት መሸጥ፣ ጉዳዩን መካከል ላይ ያኖራል። ሁሉም "ብርሃን" እስኪሰጣቸው በጸሎት ይጠብቃሉ። ብርሃን የሚሉት ከላይ የመጣ ግልጥ ምሪትን ነው። ኤሴሪ ከዐሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከዚያ ግቢ ቀርታ አታውቅም ነበር። የአባቷን ሣጥን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ በዝናብ የተናደውን የእርሻዋን እርከን መልሰው የካቡላትም እነሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ እንግዳ ሰባኪ መጡና የአብርሃምን ሎሌ ታሪክ ሰበኩ። ሎሌው ለጌታው ልጅ ሚስት ሊፈልግ ወጥቶ ውኃ ጉድጓድ ዳር ይቆማል፤ "ውኃ አጠጪኝ ስላት ግመሎችህንም አጠጣለሁ የምትለኝ፣ እሷ ትሁን" ብሎ ይለምናል፤ ርብቃም መጥታ እንዲሁ ትላለች። አክስቴ ያን ስብከት እስከ ዕለተ ሞቷ ታመሰግነው ነበር። ግቢው ውስጥ የነበሩ ወንደላጤዎች ግን የሰሙት ሌላ ነገር ኖሯል።

በሚቀጥለው ሰኞ ፌሬዲያኒ ፍየል እየጎተተ ዳር ደረሰ። የኅብረቱ ሽማግሌ የዛካዮ ልጅ ነው፤ የቆርቆሮ ቤት አላቸው፣ መንጋ አላቸው። ገበያው ደግሞ በወዲህኛው ዳር ነበር፤ ፍየል ይዞ ማዶ የሚያሻግረው ጉዳይ አልነበረውም።

"እህት ኤሴሪ፣ ታሻግሪኛለሽ?"

"ግባ፤ ፍየሉንም አምጣው።"

የፌሬዲያኒ ዓይኖች እንባ ሞሉ። እሷ ጉንፋን መሰላት።

ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ኤሴሪ፣ ጌታ ተናግሮኛል።"

"ተመስገን! ምን አለህ?"

"ሚስትህ ኤሴሪ ናት አለኝ።"

መቅዘፏን አቆመች። መቅዘፊያውን ጉልበቷ ላይ አጋደመችና እጆቿን አጣጠፈች።

"ምነው ቆምን?"

"ለአንተ ተናግሮሃል። ለእኔም እስኪናገረኝ ልጠብቅ።"

"እዚህ?"

"ሌላ የት አለኝ? ቤት እናቴ ታቃስታለች፣ ገበያው ጫጫታ ነው።"

የቡንዮኒ ልጅ ሆኖ ዋና የማያውቅ ብዙ ነው፤ ፌሬዲያኒም ከነሱ አንዱ ነበር። የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ይገፋቸዋል።

"ምን አለሽ?"

"ገና ነው።"

"አሁንስ?"

"ኧረ ወንድሜ፣ አንተ እያወራህ እንዴት ልስማ?"

ፍየሉ ጮኸ። "ይኸው፣ ይሄም አላስቻለው" አለችና መቅዘፊያዋን አነሣች። "አልሰማሁም ፌሬዲያኒ። እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። አልሰማሁም ነው ያልኩህ።"

ረቡዕ ደግሞ ልብስ ሰፊው ኬዜኪያ መጣ። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ ሰው ነበር። እሱም ፍየል ይዟል።

"ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ፍየል ያረባኸው?"

"የአጎቴ ነው።"

"ልትሸጠው ነው?"

"አይ፣ እንዲያው..."

"እንዲያው ሐይቅ ሊያይ መጣ? ግባ በል፤ ፍየሉንም አምጣው።"

መካከል ላይ እሱም ጌታ እንደ ተናገረው ነገራት። መቅዘፊያው ጉልበቷ ላይ ተጋደመ። ኬዜኪያ ዓይኑን ጨፍኖ ለነፍሱ ይጸልይ ጀመር። "ጌታ በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቶበታል" አለችው አክስቴ፤ "ለእኔ ብቻ ጊዜ አጣ።" ዛሬ አንዳንድ ሰዎች ፍየሎቹ አምስት ነበሩ ይላሉ። ሁለት ነበሩ፤ ባለፍየሎቹን ጠይቄአለሁ።

ሐሙስ ፌሬዲያኒ በኅብረቱ መካከል ተነሥቶ ብርሃን እንደ ተሰጠው መሰከረ። የምልክቱን ነገር አልዘረዘረም፤ "ለምኜ ተመለሰልኝ" ብቻ አለ። አባቱ ሽማግሌ ዛካዮ "እኔም በልቤ ሰላም አለኝ" አሉ። እሳቸው ሰላም አለኝ ካሉ ግቢው ሁሉ ሰላም አለው። ሴቶቹ እልል አሉ። ኬዜኪያ ሜትሩን እየጠቀለለ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኤሴሪ ዞረ።

"እኔ አልሰማሁም" አለች።

"ልጄ፣ ልብሽን አታደንድኚ" አሏት ጎረቤቷ እማማ ኤሪቫይዳ።

"አላደነደንኩም እማማ። እያዳመጥኩ ነው።"

"ይህ ሁሉ ሰው የሰማውን?" አሉ ዛካዮ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ተቃውሞ አልለመዱም። "በብርሃን ፊት በር የሚዘጋ ሰው ከእኛ ጋር እንዴት ይቀመጣል? እስክትሰሚ ድረስ ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ።"

የተፈረደባት ይህ ነበር። እሺ ብትል ባልም፣ የቆርቆሮ ቤትም፣ ያ ግቢም የእሷ ናቸው፤ ግን ዕድሜዋን የምትኖረው ሌላ ሰው በሰማው ድምፅ ነው። እምቢ ብትል ሐሙሷን ታጣለች። ከሐሙስ ጋርም ሰው ታጣለች፤ የኅብረቱ ሰዎች በታንኳዋ መሳፈር ትተው የሐይቁን ዳርቻ በእግር ይዞሩት ጀመር። እማማ ኤሪቫይዳ በዚያ ጉልበታቸው ሲያዘግሙ ኤሴሪ ከሐይቁ ላይ ሆና "እማማ፣ ኃጢአቱ የኔ ነው፣ የታንኳዋ አይደለም!" እያለች ትጣራ ነበር። እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላ ሸፍነው ያልፋሉ።

እየሳቀች ትንገረኝ እንጂ እነዚያ ሳምንታት ከባድ ነበሩባት። ማለዳ ማለዳ ብቻዋን ወደ መካከል ትቀዝፋለች፣ መቅዘፊያውን ታጋድማለች፣ ታዳምጣለች። ከፊት የተቀመጠ ስለሌለ ታንኳዋ ትሽከረከራለች። "ፈራሁ" ትለኝ ነበር። "እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሰምተው እኔ ብቻ ደንቆሮ ብሆንስ? 'ጌታ ሆይ፣ ደንቆሮ ከሆንኩ ንገረኝ' ብዬ ጸለይኩ። ቆይቶ ነው ያሳቀኝ፤ ደንቆሮ ከሆንኩ ቢነግረኝ በምን እሰማዋለሁ?"

"ታዲያ ምን ሰማሽ?"

"እንቁራሪት። ደንገሉ ሲንሿሿ። ሌላ ምንም። ግን ልጄ፣ ስሄድ እየፈራሁ ነው፣ ስመለስ ፍርሃቱ ይቀልልኛል። 'አሁኑኑ እሺ በዪ፣ ሰው ሁሉ ጥሎሽ ሳይሄድ' የሚለኝ ድምፅ ነበረ፤ እሱ በጣም ይቸኩል ነበር። የእግዚአብሔር ከሆነ ምን ያስቸኩለዋል? ሐይቁ የሱ፣ እኔም የሱ።"

በታንኳዋ መሳፈር ያልተወ አንድ ሰው ነበር፤ ዮሲያ ንድያናቦ። ከማዶ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃሬዛ የሚጎነጉን። በእኛ አገር መኪና በማይወጣበት ኮረብታ በሽተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነው፤ መንደር ሁሉ ተራ ገብቶ ይሸከማል። ዮሲያ አንድ አዲስ ቃሬዛ ይዞ ሲመጣ ከፊት አጋደመችው፤ ከፍየል ባይተካከልም ከባዶ ይሻል ነበር።

"ሰው የት ሄደ?" አላት።

ነገረችው። ሁለቱ ወንዶች ያሉትን፣ ሽማግሌው ያሉትን። ዮሲያ ግንባሩን ቋጠረ።

"ቆይ፣ ፌሬዲያኒ ፍየል ይዞ ነበር?"

"አዎ።"

"ኬዜኪያስ?"

"የአጎቱን።"

ዮሲያ መሳቅ ጀመረ፤ ታንኳዋ እስክትናወጥ ሳቀ።

"ታሰጥመናለህ እኮ! ምንድን ነው?"

"ያን ቀን ከስብከቱ በኋላ ሰባኪው ድንች ሲበሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ፌሬዲያኒ መጣና 'ጌታዬ፣ ግመል በሌለበት አገር ፍየል ይሆናል ወይ?' አላቸው። አፋቸው ሞልቶ ነበር። 'እግዚአብሔር በሰጠህ ነው' አሉት። ኬዜኪያ ከኋላው ቆሞ ይሰማል። እኔ የመሥዋዕት ነገር መስሎኝ ነበር!"

ኤሴሪ በቀጣዩ ሐሙስ ወደ ግቢው ሄደች። አልገባችም፤ አትምጪ ተብላለች። አጥሩ ጋ ቆመች።

"አባባ ዛካዮ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ወንድም ፌሬዲያኒ ምልክቱን ይንገረን።"

ፌሬዲያኒ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። "ከፍየሌ ጋር ዳር እቆማለሁ፤ አሻግሪኝ ስላት ፍየሉንም አምጣው የምትለኝ፣ እሷ ትሁን ብዬ ለመንኩ። ቃል በቃል አለችኝ!"



"እስኪ" አለች አክስቴ፣ "በታንኳዬ የተሳፈረ ይናገር። ምን እለዋለሁ?"

"ፍየሉንም አምጣው!" አለ ግቢው በአንድ ድምፅ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ።

"እኔንስ ፍየል ኖሮኝ ነው?" አሉ እማማ ኤሪቫይዳ። "ዘወትር 'ፍየልሽስ?' ነው የምትለኝ።"

"እንግዲያ እማማ፣ አንቺም ታጭተሻል!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ኬዜኪያ ተነሣ፤ ቀልቶ ቀልቶ። "እኔም... እኔም ያንኑ ነው የለመንኩት። በአጎቴ ፍየል። ደግሞ ለአጎቴ ልሸጥልህ ነው ብዬ ዋሽቼ ነው የወሰድኩት።" ይህን ጊዜ ሳቁ ከመዝሙር ጋር ተደባለቀ፤ አንድ ሰው ኃጢአቱን ተናግሯልና።

ሽማግሌ ዛካዮ ብቻ አልሳቁም። ቆይተው በምርኩዛቸው ተነሡ። "ልጄ ሲነግረኝ ደስ አለኝ" አሉ። "ጠንካራ ምራት እፈልግ ነበር፤ ሚስቴ ደክማለች። ደስታዬን ወስጄ ብርሃን አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ የራሴን ድምፅ ከጌታ ድምፅ አልለየሁም። ይህችን ልጅ ከሐሙሷ አባረርኩ። ኤሴሪ፣ ይቅር በዪኝ፤ ግቢ።" ራሳቸው ሄደው ከአጥሩ ጋ በእጇ ይዘው አስገቧት። ፌሬዲያኒ ሲያለቅስ ዋለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከኪሶሮ አንዲት ደግ ልጅ አገባ፣ ያለ ፍየል።

ሰባኪዎች ታሪኩን ሲያወሩ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእሷ ግን አልቆመም። "የነሱ ምልክት ሐሰት ሆነ እንጂ እኔም ገና አልሰማሁም ነበር" ትለኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ በእኛ ዘንድ ያ ብዙ ነው። ማለዳ ማለዳ መቅዘፊያውን ማጋደም አልተወችም።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ዮሲያ ምንም ሳይዝ መጣ።

"ፍየልህስ?"

"የለኝም። ቃሬዛም አልያዝኩ።"

መካከል ሲደርሱ እንዲህ አላት፤ "ኤሴሪ፣ ስለ አንቺ ጌታን ደጋግሜ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ዝም ያለኝ ምናልባት ራስሽን እንድጠይቅ ይሆናል ብዬ መጣሁ። ካልሆነም እንግዲህ ሐሳቡ የራሴ ነው። ታገቢኛለሽ?"

መቅዘፊያውን አጋደመች። ታንኳዋ አፍንጫዋን ብድግ አደረገችና መዞር ጀመረች። ዮሲያ ጠርዙን አልጨበጠም፤ "ምን አለሽ?"ም አላለም። ታንኳዋ ያኔ ከታች ትንሽ ታፈስ ነበር። ውኃው እግራቸው ሥር ሲጠራቀም አየና ቅሉን አንሥቶ እየቀዳ ይደፋ ጀመር፤ እንዳይረብሻት ቀስ አድርጎ። ብዙ ቆዩ። ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ደንገሉ ውስጥ ሰነቀራቸው። ያኔ ብቻ ነው አንድ ነገር የተናገረው።

"ፍየል ባመጣ ይሻል ነበር፤ ፊቷ ቀለለ።"

አክስቴ ሳቀች። እየሳቀች ከደንገሉ አወጣቻቸው።

"ታዲያ ያን ቀን ምን ሰማሽ?" እያልኩ ስንት ጊዜ ጠይቄአታለሁ። እኔ የሥራዬ ጠባይ ነው፤ ጥያቄ ተከፍቶ ሲያድር አልወድም። መልሷ ግን አልተለወጠም። "እሱ ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ።" ጉዳዩን ለኅብረቱ አቀረበች። ዛካዮ "እኔ ምንም አልልም፤ እሷ ትናገር" አሉ። እሷም "አልፈራሁም" አለች። ሌላ ምስክርነት አልሰጠችም። እ.ኤ.አ. በ1974 ተጋቡ።

ልጅ አልወለዱም። እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር፤ እኔን ወሰዱኝ። እሱ ቃሬዛውን ይጎነጉናል፣ እሷ ታሻግራለች፣ እኔ ከፊት ክብደት ሆኜ እቀመጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ እዚሁ ላግባ ብዬ ስጨነቅ ወደ መካከል ወሰደችኝና መቅዘፊያዋን አጋደመች። ቁጭ ብለን ቆየን። "ምንም አልሰማሁም አክስቴ፤ በረደኝ ብቻ" አልኳት። "እንደ በረደሽ ካወቅሽ ሹራብሽን ልበሺ። የቀረውን ነገ ደግሞ እንመጣለን" አለች። ደጋግመን ሄድን። አንድ ቀን ስንመለስ፣ እኔ ሳላስበው፣ ስለ ትምህርት ቤት ዕቃዬ ማውራት ጀምሬ ነበር። እሷ ፈገግ ብላ ቀዘፈች።

ዮሲያ እ.ኤ.አ. በ2005 ታመመ፤ ከኮረብታው የወረደው ራሱ በጎነጎነው ቃሬዛ ነው። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ወደ ሐይቁ ተመለሰች። ያን ጊዜ ባለሞተር ጀልባዎች በዝተው ነበር፤ እሷ ጋ የሚመጡት ወይ የጥንት ወዳጆች ናቸው ወይ ባለፍየሎች፤ ሞተሩ ፍየል ያስደነግጣል።

በሞተችበት በዚያ ማክሰኞ ማለዳም የመጣው ባለፍየል ነበር፤ ኬዜኪያ። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ወገቡ ጎብጧል፣ ሜትሩ ግን አሁንም አንገቱ ላይ ነው። ማዶ ላለችው ልጁ ለፔኒና አንዲት እንስት ፍየል ሊልክ ፈልጎ ነበር። የነገረኝ እሱ ነው፤ የማዶውን ፔኒና ናት።

"ኤሴሪ፣ ታሻግሪልኛለሽ?"

"አንተ ቅር፤ ፍየሏን አምጣት።"

"እንግዲህ አሁንም አልሽው! ምልክቱ እንዳለ ነው።"

"ዝም በል አንተ ሽማግሌ፤ ገመዱን አቀብለኝ።"

ፍየሏን ከፊት አስቀመጠች። አፍንጫዋ የረጋ ታንኳ ሐይቁን ቀጥ ብላ ተሻገረች፤ ኬዜኪያ ከዳር ሆኖ እስክትደርስ አያት። ፔኒና ወርዳ ተቀበለቻት፣ "ቁጭ በዪ" አለቻት። አክስቴ "መቅዘፊያ ጀምሬአለሁ" ብላ የቀረበላትን የማሽላ መጠጥ ቆማ ጠጣች፣ ቅሉን መለሰች። ፍየሏ ገመዷን እየጎተተች ወደ ውኃው ልትመለስ ስትል አክስቴ ራሷ ይዛ ወደ ግቢው ወሰደቻት፣ ከሙዙ ግንድ አሰረቻት፣ ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ ያዘ።